ማሽኑ የሚዘለው መስመር

ዴልፍት ነው። ኅዳር ነው። መስኮቱን ዝናብ ያንኳኳል፤
ከታች ቦዩ ላይ አንድ ዳክዬ አንገቱን ቀብሮ ተኝቷል።
ፊቴ ያለው ፋይል ሃያ ዓመት ያለፈው፣
ሲብረን የሚባል መሐንዲስ ለወንዙ የጻፈው፤
በግራ ስም፣ መሐል እኩል ይሆናል፣ በቀኝ ቁጥር፦
የውሃው ከፍታ፣ የወለሉ ሸካራነት፣
የአሸዋው ቅንጣት በሚሊ ሜትር።

ሥራው ቀላል ነበር፣ ማርለይን እንዳለችኝ፦
«አሮጌውን የሚያነብ፣ አዲስ የሚጽፍ ፕሮግራም ሥሪልኝ።»

ሠራሁ። አስኬድኩት። ወንዙ ስክሪኑ ላይ ተነሣ፤
በሠላሳ ደቂቃ ግድቡን ተሻገረ፣
የብስክሌት ማቆሚያውን ዋጠ፣ የገበያውን አደባባይ ዋጠ፣
ከተማዋ እስከ ሰገነቷ ሰማያዊ ሆነች።
በመስኮት አየሁ። ዳክዬው እዚያው ነው። አልሰማም።

ሁለት ቀን ፈለግሁ። ስሌቱን ጠረጠርኩ፣ ኮምፒውተሩን ረገምኩ፣
ለማርለይን «ሳይሆን አይቀርም» የሚል ደብዳቤ ጀምሬ ተውኩ።
በሦስተኛው ቀን አርባ ሰባተኛው መስመር ላይ
ዜሮ አየሁ፤ ከዜሮው ሥር አንዲት ጭራ፤
ከጭራዋ ወዲያ ዜሮ ሃያ ስምንት።

እኛ ነጥብ የምንጥልበት እነሱ ሰረዝ ይጥላሉ።
የኔ አንባቢ ጭራዋ ጋ ሲደርስ ነገሩ ያለቀ መሰለው፤
ዜሮውን አንሥቶ ሄደ፣ የቀረውን ጣለው።
የወንዙ ወለል ሸካራነቱን አጣ፤
እንደ መስተዋት ለሰለሰ፤ ውሃውም የሚይዘው ሲያጣ
ልጓም እንደ በጠሰ በቅሎ ፈርጥጦ ወጣ።

አባቴ በወጣትነቱ ትርጓሜ ቤት ገብቶ ነበር፤
አንዲት ቃል ይዞ «አንድም» ሲል፣ ደግሞ «አንድም» ሲል ያመሻል፤
ያልገባው ላይ ሲደርስ ግን ይቆማል፣ ይጠይቃል።
የኔ ማሽን አንድም አያውቅም፤
አለማወቁንም አያውቅም።
ስለዚህ አንድ ነገር አስተማርኩት፦
«መስመር አርባ ሰባት። ይህች ጭራ አልገባችኝም። ቆሜያለሁ።»
በዕድሜዬ ካስጻፍኩት ፕሮግራም ሁሉ ይህን ዐረፍተ ነገር እወደዋለሁ።

አሁን አንባቢው አነበበ፣ ጸሐፊው ጻፈ፣ ንጹሕ ፋይል ወጣ፤
ሦስት መቶ ስድስት መስመር የነበረው መቶ ዘጠና ሆኖ መጣ።
ቆይ።
መቶ አሥራ ስድስቱስ?

አጥር በምትመስል ምልክት የሚጀምሩት ነበሩ፤
ማሽን የሚዘላቸው፣ ለስሌት የማይረዱ።
አሮጌውን መልሼ ከፈትኩ። በዓይኔ አነበብኩ፦

# ይህ ቁጥር አልተለካም። ገምቼዋለሁ። ይቅርታ።
# ጥር። በረዶ። ሦስት ሆነን ከጀልባ ላይ ለካን፤ የፒተርኔልን ጓንት ውሃው ወሰደው።
# ከዚህ በላይ አታሳድገው፤ ሞዴሉ ይፈነዳል፤ ወንዙም ሳይሰማ አይቀርም።
# ይህን አትንካ። ምክንያቱን ረስቻለሁ፤ ምክንያት ግን ነበረው።

ሲብረን ባለፈው የካቲት ሞተ። ቀብሩ ላይ አልነበርኩም፤
መልኩን አላውቀውም።
መቶ አሥራ ስድስት መስመር ያህል ግን አውቀዋለሁ፤
ያንንም በአንድ ትእዛዝ ልደመስሰው ነበር፣
ንጽሕና መስሎኝ።

ሌሊቱን ጸሐፊውን አፍርሼ ጻፍኩት፦
የማይገባህን አትጣል፤ ባለበት አኑር፤
ከነስሕተቱ፣ ከነባዶ ቦታው፣ ከነዚያ ሁሉ ይቅርታ።
ከዚያ አርባ ሰባተኛው መስመር ሥር የራሴን ጨመርኩ፦

# እዚህ ሰረዝ ነበረች፤ ነጥብ አደረግኋት። ከተማዋ አንድ ጊዜ ሰጥማለች፤ ማንም አልረጠበም። አጸደ፣ ኅዳር።

አስኬድኩት። ወንዙ በወንዝ ልክ ሄደ።
ማሽኑ ቃሌ ጋ ደረሰ፤ ዘለለው፤ አለፈ።
ይለፍ። ለእሱ አልጻፍኩትም።